ከአዕዋፉ ሥዕል በስተጀርባ የነበረችው እጅ

በእጅ ቀለም የተቀቡ የጥንት የአዕዋፍ ሥዕሎች ዛሬ በታላላቅ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዘክሮች በጥንቃቄ ተጠብቀው ይገኛሉ። ከእነዚህም መካከል እንግሊዛዊው ጆን ጉልድ በ19ኛው መቶ ዓመት ያሳተማቸው ግዙፍ መጻሕፍት በውበታቸው የታወቁ ናቸው። ይሁን እንጂ መጻሕፍቱ በባል ስም ሲጠሩ፣ ከሥዕሎቹ ብዙዎቹን በማተሚያው ድንጋይ ላይ የሣለችው ሚስቱ ኤልሳቤጥ መሆኗን የሚያውቅ ጥቂት ነው። በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን የዚህችን ሴት ታሪክ ለውድ አንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኤልሳቤጥ በ1804 ተወልዳ በ1829 ከጆን ጋር ጋብቻ መሠረተች። ባሏ በለንደን የእንስሳት ጥናት ማኅበር የሞቱ አዕዋፍን ሕያው አስመስሎ የሚያደርቅ ባለሙያ ነበር። ከሂማላያ ተራሮች የመጡ የአዕዋፍ ቆዳዎች በእጁ በገቡ ጊዜ በሥዕል ሊያሳትማቸው አሰበ። ኤልሳቤጥም በድንጋይ ላይ የመሣልን ሙያ ተምራ፣ መቶ አዕዋፍን በ80 ገጾች ሣለች።

ሥራው ትዕግሥትን የሚፈታተን ነበር። ቀደም ሲል ሥዕል የሚታተመው በመዳብ ሰሌዳ ላይ በስለታም መሣሪያ እየተቀረጸ ነበር። በአዲሱ ዘዴ ግን ሠዓሊው በተወለወለ ድንጋይ ላይ በቅባታም እርሳስ ይሥላል። ድንጋዩ በውኃ ሲርስ፣ ቅባት ያረፈበት ክፍል ውኃውን ገፍቶ የማተሚያውን ቀለም ይይዛል። የታተመው ወረቀት ገና ጥቁርና ነጭ ስለሆነ፣ ቀለም ቀቢዎች አንድ ናሙና ከፊታቸው አኑረው እያንዳንዱን ቅጂ በብሩሽ ያቀልሙ ነበር።

በ1838 ጆን የአውስትራሊያን አዕዋፍ ለማጥናት ተነሣ። ኤልሳቤጥ የበኩር ልጇን ይዛ ተከተለችው፤ ሦስቱን ታናናሾች ግን ለእናቷ አደራ ሰጥታ ሄደች። የዚህን ውሳኔ ክብደት ለወታደር ቤተሰብ ማስረዳት አያሻም። ባሏ ዱር ለዱር ሲዘዋወር እርሷ በሆባርት ከተማ አዕዋፍንና ዕፅዋትን ስትሥል ቆየች፤ እዚያው ወንድ ልጅ ወለደች። በ1840 ወደ አገሯ ተመልሳ ከልጆቿ ጋር ተገናኘች። ነገር ግን አንድ ዓመት ያህል እንደቆየች፣ በ1841 ስምንተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ በ37 ዓመቷ ዐረፈች።

ለአውስትራሊያ አዕዋፍ መጽሐፍ 84 ገጾችን አዘጋጅታ ነበር። ሥራው በሠዓሊው ሄንሪ ሪክተር እጅ ቀጥሎ በ1848 በ600 ገጾች ተፈጸመ። ጆንም በ1844 አረንጓዴ ጀርባ፣ ሐምራዊ ደረትና ቢጫ ሆድ ያላትን አንዲት ትንሽ የአውስትራሊያ ወፍ በሚስቱ ስም ሰየመ። ወፊቱ እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ትጠራለች።

መታሰቢያው መልካም ነው፤ የተደረገው ግን ለሟች ነው። ወታደር በግዳጁ ሲመሰገን፣ ልጆቹን ያሳደገችና ቤቱን ያቆመች ባለቤቱ የምስጋናው ተካፋይ ናት። ይህንንም በሕይወት ሳለች፣ ከራሱ አንደበት ልትሰማው ይገባታል።