ስለ አንድ መድኃኒትና ስለ ሁለት መንግሥታት ሕግ

እኔ በምሠራበት በሜሪላንድ ግዛት መድኃኒት ቤት ፀረ ድባቴ መድኃኒት ለሚቀበል ሰው ሁሉ አንድ የታተመ መግለጫ ከብልቃጡ ጋር ይሰጠው ዘንድ የአሜሪካ ሕግ ያዝዛል። መግለጫው እነዚህ መድኃኒቶች በልጆችና በወጣቶች ዘንድ፣ ይልቁንም በመጀመሪያዎቹ ወራትና መጠኑ በተለወጠ ጊዜ፣ ራስን የማጥፋትን ሐሳብ ሊያነሣሡ እንደሚችሉ ያስጠነቅቃል። አብዛኛው ሰው ሳይገልጠው ይሄዳል። ከአገራችን ሰዎች ወገን ግን ወረቀቱን በእጃቸው እንደ ያዙ «እስቲ በቋንቋችን ንገረኝ» ብለው ከፊቴ የሚቆሙ እናቶች አሉ፤ ከሥራዬም ሁሉ የምወደውና የምፈራው ይህን ሰዓት ነው።

ከእነዚህ አንዲቱ ለ15 ዓመት ልጃቸው ፓሮክሰቲን ታዞላቸው ነበር። በለንደን ነርስ የሆነችው እኅታቸው «እዚህ አገር እኮ ይህ ለልጅ አይሰጥም» ብላ በስልክ ስላስደነገጠቻቸው፣ «ወንድሜ፣ ልጄ እዚያ ቢታመም ኖሮ የማይሰጠው መድኃኒት እዚህ ስለ ምን ይሰጠዋል? የሰው ሥጋ በባሕር ማዶና በባሕር ወዲህ ይለያያል ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። አስቀድሜ የነገርኋቸው፣ ልጁ መዋጥ ጀምሮ ስለ ነበር፣ በድንገት እንዳያስቆሙት ነው፤ ፓሮክሰቲን ከሰውነት ፈጥኖ የሚወጣ በመሆኑ በድንገት ሲቋረጥ ማዞርን፣ እንቅልፍ ማጣትንና ብርቱ መረበሽን ያስከትላልና። ከሐኪሙም ጋር በስልክ ተነጋገርን፤ እርሱም ቀስ በቀስ በሁለቱም አገሮች ለልጆች ወደ ተፈቀደው ወደ ፍሉዎክሰቲን አዛወረው። የጥያቄያቸው ዋና ፍሬ ግን በመድኃኒት ቤት መስኮት ቆሞ የሚፈታ አልነበረምና እዚህ ላይ ልመልሰው እወዳለሁ። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ።

እኅታቸው የተናገረችው እውነት ነው። የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በጁን 2003 ፓሮክሰቲን ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ የድባቴ ሕሙማን እንዳይታዘዝ አሳሰበ፤ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወርም ከዚህ ወገን ካሉት መድኃኒቶች ፍሉዎክሰቲን ብቻ ሲቀር የሌሎቹ ጥቅም በልጆች ድባቴ ከጉዳታቸው እንደሚበልጥ አለመረጋገጡ ተነገረ። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ግን በኦክቶበር 2004 በጥቁር ክፈፍ የታጠረ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዝዞ የቀረውን ለሐኪሙ ሕሊና ተወው። በብሪታንያም ቢሆን የሐኪሙ እጅ ፈጽሞ አልታሰረም፤ ነገር ግን አንዱ መንግሥት «ተው» ሲል ሌላው «እያየህ» ማለቱ፣ ጉዳዩ ከማዘዣ ወረቀት ላይ ሲደርስ ታላቅ ልዩነት ነው። እኔ በዚህ ነገር የብሪታንያውን ፍርድ አጸድቃለሁ።

ከሕጎቹ መለያየት ይልቅ የሚያሳዝነኝ ሁለቱም የዘገዩበት ምክንያት ነው። ኋላ ግላክሶስሚዝክላይን የሆነው ኩባንያ በ1990ዎቹ በ275 ወጣቶች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ፓሮክሰቲን አስቀድሞ በተወሰኑት ዋና ዋና መለኪያዎች ለማነጻጸሪያ ከተሰጠው ባዶ ክኒን አልበለጠም። በ1998 የተጻፈ የኩባንያው የውስጥ ሰነድ፣ ፈዋሽነቱ አልተረጋገጠም ብሎ መግለጽ ለንግዱ እንደማይበጅ ሲመክር፣ በ2001 በታወቀ የሕክምና መጽሔት የወጣው ሐተታ መድኃኒቱ ለወጣቶች የሚጠቅምና የሚስማማ ነው ብሎ መሰከረ። ሐኪሙ ቅን ሆኖ ሳለ፣ ያነበበውም የባልንጀሮቹ ምስክርነት ሆኖ ሳለ፣ በሐሰት ላይ ቆሞ ያዝዝ ነበር ማለት ነው። ኩባንያው በ2012 ፓሮክሰቲንን ላልተፈቀደለት ዕድሜ ማስተዋወቁን ከሌሎች ጥፋቶች ጋር አምኖ 3 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ የሙከራው መዝገብ በሌሎች ተመራማሪዎች እንደ ገና ተመርምሮ በ2015 ሲታተምም፣ አለመጥቀሙ ብቻ ሳይሆን ጉዳቱም ከተነገረው ይበልጥ እንደ ነበር ተገለጠ።

ነውሩ የአንድ መድኃኒት ብቻ ቢሆን በተጽናናሁ ነበር። በ2008 የታተመ ጥናት ለአሜሪካው ተቆጣጣሪ የቀረቡ 74 የፀረ ድባቴ መድኃኒት ሙከራዎችን ከመጽሔቶቹ ጋር ሲያስተያይ፣ መልካም ውጤት ካሳዩት 38 ሙከራዎች ከአንዱ በቀር ሁሉም ታትመው፣ ካልሰመሩት ወይም ካጠራጠሩት 36 ግን 22ቱ ከቶ ሳይታተሙ፣ 11ዱም የሰመሩ መስለው ታትመው ተገኙ። በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሸጥ መድኃኒትን ለሕዝብ በቴሌቪዥን ማስታወቅ የሚፈቀድባቸው አገሮች አሜሪካና ኒውዚላንድ መሆናቸውን እዚህ ላይ ጨምሩበት፤ ሕመምተኛው የመድኃኒቱን ስም ከማስታወቂያ ተምሮ፣ ሐኪሙም ጥቅሙን ከጎደለው መዝገብ ተምሮ ይገናኛሉ። ይህን ስል መድኃኒቶቹን መንቀፌ አይደለም፤ ከአልጋ መነሣት ተስኗቸው የነበሩ ሰዎች በእነርሱ ወደ ሥራቸውና ወደ ልጆቻቸው ሲመለሱ አይቻለሁና።

አሜሪካ በ2010 ባወጣችው ሕግ ኩባንያዎች ለሐኪሞች የሚከፍሉት ገንዘብ ለሕዝብ ይገለጥ ጀመር፤ መልካም ነው፤ ገንዘቡን ማወቅ ግን የሙከራውን እውነት ከማወቅ አያደርስም። የአውሮፓ የመድኃኒት መሥሪያ ቤት በ2016 አዳዲስ መድኃኒቶች የተፈተኑበትን የሙከራ ዘገባ በራሱ ፈቃድ ያትም ዘንድ ጀመረ፤ በአሜሪካም ይህ ግዴታ እንዲሆን እመኛለሁ። ዳሩ ግን በየዕለቱ ከመደርደሪያዬ የማወርዳቸው ፀረ ድባቴ መድኃኒቶች አብዛኞቹ ከዚያ ዘመን አስቀድመው የጸደቁ ስለሆኑ፣ ያ ሥርዐት ወደ ኋላ ተመልሶ እነርሱን ካልደረሰ፣ ለእናቶቹ የምተረጕመው ዛሬም ከፊሉ የተሰወረ መዝገብ ነው።