ከረሜላ ይዤልህ እመጣለሁ

ቅዳሜ ጠዋት ጎንደር አራዳ አካባቢ እናት ዘንቢሏን አንስታ ወደ ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ ሕፃኑ ቀሚሷን ይዞ ያለቅሳል። «ዝም በል የኔ ጌታ፣ ከረሜላ ይዤልህ እመጣለሁ» ትለዋለች። ጥር ሲቃረብ ደግሞ የጥምቀት ልብስ ቃል ይገባለታል፤ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» በሚባልበት አገር ይህ ከባድ ቃል ነው። ልጁ ታዲያ የሁሉንም ቃል እኩል አይቀበልም። አያቱ ሲነግሩት ዝም ይላል፤ አጎቱ ሲነግረው ለቅሶውን ይቀጥላል።

ቃል የተገባለት ልጅ መጠበቁ በጥናትም ተፈትኗል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዋልተር ሚሼል ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በስታንፎርድ ባካሄደው ዝነኛ ሙከራ ልጅ ፊት አንድ ጣፋጭ ይቀመጣል፤ ሳይበላ ከጠበቀ ሁለተኛ ይጨመርለታል። ውጤቱ ለዓመታት የትዕግሥት መለኪያ ተደርጎ ተወራ።

በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሴለስት ኪድና ባልደረቦቿ በ2013 ያሳተሙት ጥናት ሌላ ነገር አሳየ። ከ3 እስከ 5 ዓመት ለሆናቸው 28 ልጆች፣ ከጠበቁ የተሻለ የሥዕል ቀለም እንደሚመጣላቸው ተነገራቸው። ለግማሾቹ መጣ። ለቀሩት ግን አዋቂዋ «ይቅርታ፣ የለም» ብላ ባዶ እጇን ተመለሰች። ቀጥሎ ጣፋጩ ቀረበ፦ ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ቆዩ፣ ቃል የታጠፈባቸው 3 ደቂቃ ብቻ። ይህን ስስት ማለት ይከብዳል። ባዶ እጁን የመጣን ሰው ደግሞ መጠበቅ ለምን?

ልጆች ማን እንደሚሳሳትም ይመዘግባሉ። ሜሊሳ ኮኒግ፣ ፋብሪስ ክሌማንና ፖል ሃሪስ በ2004 እንዳሳዩት፣ የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች የሚያውቁትን ዕቃ በተሳሳተ ስም የጠራን ሰው ካስተዋሉ፣ የማያውቁት ዕቃ ሲመጣ ሌላውን ሰው ይሰማሉ።

አስተዳደግም ይገባበታል። ቤቲና ላምና ባልደረቦቿ ይህንኑ የመጠበቅ ሙከራ ለ4 ዓመት ልጆች ሲያቀርቡ፣ ከካሜሩን የንሶ ልጆች ከ10 ሰባት ያህሉ ጠበቁ፤ ከጀርመኖቹ ሦስት ያህሉ። የንሶ እናቶች ከልጃቸው መታዘዝን አጥብቀው ይጠብቃሉ። ጎንደሬ አንባቢ «ጨዋ ልጅ» የሚለውን እዚህ ያገኘዋል። ሆኖም ጨዋ ልጅ ዝም አለ ማለት አመነ ማለት አይደለም፤ የገበያዋን ከረሜላ ሳይጠይቅ ዘንቢሉን በዓይኑ የሚፈትሽ ሞልቷል።

ከረሜላው ራሱም ተጠንቷል። ቼልሲ ሄይስና ሌስሊ ካርቨር በ2014 ባሳተሙት ጥናት ከ3 እስከ 7 ዓመት ለሆናቸው 186 ልጆች የማይታይ አሻንጉሊትን በድምፁ የመለየት ጨዋታ አቀረቡ። ለከፊሎቹ በቅድሚያ ሌላ ክፍል ከረሜላ አለ ተብሎ፣ ኋላ ማባበያ ብቻ እንደነበር ተነገራቸው። ለትምህርት ከደረሱት መካከል ካልተዋሹት 60 በመቶ ያህሉ አትዩ የተባሉትን አሻንጉሊት አጮልቀው አዩ፤ ከተዋሹት ወደ 80 በመቶ። አይተው «አላየሁም» የሚሉትም በተዋሹት ዘንድ በዙ። በትንንሾቹ ላይ ግን ይህ ልዩነት አልታየም።