የልብስ ቁልፍም ዳኛ አላት

ቁልፍ በተባለ ጊዜ ብዙው ሰው አስቀድሞ የሚያስበው የበሩንና የሣጥኑን ነው። እኛ ግን ዛሬ የምናወራው በሸሚዛችንና በኮታችን ላይ ስለ ተሰፋችው፣ ወድቃ ካልጠፋች በቀር ማንም ልብ ስለማይላት የልብስ ቁልፍ ነው። ይህች ትንሽ ዕቃ በአሜሪካ አገር ሰብሳቢ፣ ማኅበር፣ ደንብና ዳኛ ያላት መሆኗን ስንናገር አንባቢዎቻችን ሳይገረሙ አይቀሩም።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1938 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ ብሔራዊ የቁልፍ ማኅበር ተቋቋመ። ሰብሳቢዎች በበዙበት ዘንድ «የእኔ ይበልጣል» የሚለውም ይበዛልና ሚዛን ማስፈለጉ አልቀረም። ማኅበሩ «ሰማያዊው መጽሐፍ» በሚባለው ደንቡ ይህን ሚዛን ጽፎ አስቀምጦታል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ዕድሜ ነው። ከ1918 ዓ.ም. በፊት የተሠሩት በአንድ ወገን፣ ከዚያ ወዲህ የተሠሩት በሌላ ወገን ይመደባሉ። በ1789 ዓ.ም. ጆርጅ ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት በሆነ ጊዜ ለመታሰቢያ የተሠሩት የብረታ ብረት ቁልፎች ከትናንት የፋብሪካ ሥራ ጋር አይወዳደሩም።

ሁለተኛው መጠን ነው። ከ3/8 ኢንች የምታንሰው ደቃቅ፣ ከዚያ እስከ 3/4 ኢንች ያለችው ትንሽ፣ እስከ 1 1/4 ኢንች ያለችው መካከለኛ፣ ከዚህ የምታልፈው ትልቅ ትባላለች። ይህን የሚወስነው መለኪያው እንጂ የባለቤቲቱ ግምት አይደለም።

ሦስተኛው የተሠራችበት ነገር ነው፤ ብርጭቆ፣ ናስ፣ አጥንት፣ ቀንድ፣ ዛጎል፣ እንጨት፣ ሴሉሎይድ እያለ ይዘረዘራል። «የአትክልት ዝሆን ጥርስ» የሚባልም አለ፤ ይኸውም ከዘምባባ ዘመዶች ጠንካራ ፍሬ የሚፈለፈል ነው። በጣሊያን ዘመን ከኤርትራ ቆላ የዱም ፍሬ ለዚሁ ሥራ ወደ ጣሊያን ይጫን ነበር። ከዚህም ሌላ በላይዋ የተቀረጸው ሥዕል፣ አውሬ ወይም አበባ፣ የራሱ ክፍል አለው።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ልዑል አልበርት በ1861 ዓ.ም. በሞተ ጊዜ ንግሥት ቪክቶሪያ ከል ለበሰች፤ ጄት በተባለው ጥቁር ማዕድንም አጌጠች። ሕዝቡ ይህን ቢከተልም ጄት ውድ ስለ ነበረ ብዙው የገዛው ጥቁር ብርጭቆ ነው። ዛሬም «የአያቴ ጄት» እየተባለ የሚቀርበው አብዛኛው ብርጭቆ ሆኖ ይገኛል። ብርጭቆ ሲዳሰስ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳልም፤ ጄት ግን ቀላልና ለብ ያለ ነው። ናስ ነው የተባለውንም ማግኔት ከሳበው በውስጡ ብረት መኖሩ ይታወቃል።

ተወዳዳሪው ቁልፎቹን ቁመቱ 12 ወርዱ 9 ኢንች በሆነ ካርቶን ላይ፣ በቍጥር ልክ፣ አሰካክቶ ያቀርባል። ዳኞቹም ትእዛዙ መፈጸሙን፣ የቁልፎቹን ደኅንነትና የዓይነታቸውን ብዛት ይመለከታሉ። እጅግ ያማሩ ግን እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ ቁልፎች፣ ብዙ ዓይነት ሥራ በሚያሳይ ካርቶን ይሸነፋሉ። ካለ ክፍሏ የገባች ቁልፍ ከተገኘችም ዳኛው በአጠገቧ ትንሽ ቀይ ነጥብ ይለጥፋል፤ ሰብሳቢዎቹ ይህን «ኩፍኝ» እያሉ ይቀልዱበታል።

እኛን ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘን ይህ ኩፍኝ ነው። የተሸነፈው ሰው «ዳኛው ጠላኝ» ብሎ እያማ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ፣ ስሕተቱ ከነቦታው ይታየዋል፤ ለሚመጣው ዓመትም ያርማል። በሌላው በኩል ዳኛውም ነጥቡን ሲለጥፍ ምክንያቱን ከደንቡ ማሳየት ይገባዋልና እንደ ወደደ ሊፈርድ አይችልም።

ይህ ነገር ለቁልፍ ብቻ አይደለም። የተማሪ ፈተና የሚያርም፣ የባለጉዳይ ማመልከቻ የሚመልስ ወጣት ሠራተኛ «አይሆንም» ማለቱ ብቻ አይበቃውም፤ የማይሆነው የትኛው መሥመር እንደ ሆነ ማመልከት አለበት። ምክንያቱ የተነገረው ሰው ቢከፋው እንኳ ያርማል፤ ያልተነገረው ግን ይመላለሳል፣ አማላጅም ይፈልጋል። ለአንዲት የሸሚዝ ቁልፍ ይህን ያህል ከተጨነቁላት፣ ጉዳዩን ይዞ በደጃችን ለቆመው ሰውማ ምን ያህል ይገባው ይሆን!