በእፉኝት ሆድ ውስጥ ያለው ማን ነው?

የእፉኝት ልጆች የእናታቸውን ሆድ ቀደው ይወጣሉ፣ እሷም በዚያው ትሞታለች ይባላል። ሐሰት ነው። እፉኝት በአብዛኛው እንቁላል አትጥልም፤ ነፍስ ያላቸውን ልጆች ወልዳ በሕይወት ትኖራለች።

ውስጧ ተቀምጦ የሚበላት ሌላ ነው። በአፍሪካ እፉኝቶችና ዘንዶዎች ሳንባ ውስጥ ገላው ቀለበት በቀለበት የሆነ ደም መጣጭ ተውሳክ ይኖራል። እንቁላሉ ከእባቡ አክታና ኩስ ጋር መሬት ላይ ይወድቃል። አይጥ ከምግቧ ጋር ትውጠዋለች፤ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭም በአካሏ ውስጥ ታሽጎ ይጠብቃል። እባቡ አይጧን ሲውጥ እጩ ወደ ሳንባው ይዘልቃል።

እንግዲህ «እባብ ተውሳክ የሚበዛበት ርኩስ ስለሆነ ነው» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይፈርሳል። ሰውን ኮሶ የሚይዘው ከጥሬ የበሬ ሥጋ እንደሆነ ሁሉ፣ እባብም ብዙውን ተውሳክ የሚያገኘው ከሚበላው ነው። ረግረግ ዳር እንቁራሪት የሚያድን እባብ የኮሶ ዘመድ የሆነ ትል ሊይዘው ይችላል። ይህ ትል የሚያድገው መጀመሪያ በውኃ ውስጥ በምትኖር ደቃቅ እንስሳ ገላ ውስጥ ነውና፣ ውኃ ከሌለ ዑደቱ ይቋረጣል። እስስት ከነፍሳት፣ አዞ ከዓሣ የየራሳቸውን ይወርሳሉ።

ሣርና ቅጠል የሚበላስ ንጹሕ ነው? በፍጹም! በስምጥ ሸለቆ የምትገኘው የየብስ ኤሊ አንጀት ውስጥ ጥቃቅን ትሎች በሺዎች ሊኖሩ ይችላሉ። እነዚህ ሌላ እንስሳ አያስፈልጋቸውም፤ እንቁላላቸው በኩስ ከተበከለ ሣር ጋር ይገባል። ኤሊዋን ግን ብዙም ሲጎዷት አይታይም።

«የደጋ ብርድ ተውሳክን ያጠፋል» የሚለው ግን ከፊል እውነት አለው። ከ2,400 ሜትር በላይ ባለችው የጎጃሟ ደብረ ማርቆስ ብርዱ የተውሳኩን እንቁላል እድገት ያዘገየዋል እንጂ የግድ አይገድለውም። ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ሙቀቱም የሚበላውም እንስሳ ይለወጣል፤ ተውሳኩም አብሮ ይለወጣል።

ወደ ሰው ይተላለፋል? አብዛኛው አይተላለፍም። የሳንባው ተውሳክ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ያልበሰለ የእባብ ሥጋ በሚበሉ ሰዎች ላይ ተገኝቷል፤ በጎጃም ግን እባብ አይበላም። ስለዚህ ግቢ የገባችን እስስት ትል ታመጣለች ብሎ በድንጋይ መቀጥቀጥ በጣም ያሳዝናል፤ ዝንብና ፌንጣ እየለቀመች ነው። ተሳቢ እንስሳትን ነክቶ መታጠብ የሚያስፈልገው ከትል ይልቅ በሳልሞኔላ ባክቴሪያ ምክንያት ነው፤ ለዚህም እጅን በሳሙና መታጠብ ይገባል።