ለ137 ሜትር ሜዳ ቤት ፍለጋ

እስቲ በአንድ ቀላል ጥያቄ እንጀምር። አንድ የስፖርት ክለብ የሚጫወትበትን ስታዲየም ቢያጣ ምን ያደርጋል? «ሌላ ይከራያላ!» ትሉ ይሆናል። እኔም የመጀመሪያ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ሳለሁ ብትጠይቁኝ መልሴ ያው ነበር። መሃል ላይ ሜዳ፣ ዙሪያውን መቀመጫ፣ በቃ። አሁን ግን ስለ ስታዲየም ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ጫማ ነው። ቁጥሩ ካልገጠመ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን እግር ያቆስላል።

ዛሬ የማወራችሁ ልኩ በቀላሉ ስለማይገኝለት ክለብ ነው፤ ስለ ካናዳው ቶሮንቶ አርጎኖትስ። ክለቡን በ1873 የመሠረቱት የአንድ ጀልባ ቀዘፋ ክበብ አባላት ናቸው (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህ አንጋፋ ክለብ ከ140ኛ ዓመቱ በኋላ «ከዚህ ውጡ» ሊባል ደረሰ። ያስወጣው ደግሞ ከምንም በላይ የሣር ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ጨዋታው ትንሽ ላስረዳ። «ፉትቦል» ስል እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ ማለቴ አይደለም። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በእጅ ይያዛል፣ ይወረወራል፤ ተጫዋቾቹም የራስ ቁር ያደርጋሉ። አሜሪካኖች የሚጫወቱት ዓይነት ነው፤ ካናዳውያን ግን የራሳቸው ሕግ አላቸው። በአሜሪካው 11 ተጫዋች ሲሰለፍ በካናዳው 12 ነው። ለዛሬው ወሬያችን ዋናው ልዩነት ደግሞ ሜዳው ነው። የካናዳው ሜዳ ከአንዱ የጎል መስመር እስከ ሌላው 110 ያርድ ይረዝማል። ከየጎል መስመሩ ጀርባ ደግሞ ነጥብ የሚቆጠርበት «ኤንድ ዞን» የሚባል ክልል አለ፤ እያንዳንዱ 20 ያርድ። ካልኩሌተራችሁን አውጡ፦ 110 እና ሁለት ጊዜ 20፣ 150 ያርድ። አንድ ያርድ 0.9144 ሜትር ስለሆነ 137 ሜትር ከምናምን ይመጣል። ወርዱ 65 ያርድ ነው፤ 59 ሜትር ተኩል ገደማ።

አሁን ይህን ከእግር ኳስ ሜዳ ጋር እናስተያየው። ለትልልቅ ውድድሮች የሚሠራበት ልክ 105 በ68 ሜትር ነው። አያችሁ ችግሩን? የካናዳው ፉትቦል በርዝመት 32 ሜትር ይበልጣል፤ በወርድ ደግሞ ከስምንት ሜትር በላይ ያንሳል። የአሜሪካው ፉትቦል ሜዳ ራሱ ከነኤንድ ዞኑ 120 ያርድ፣ ማለትም 110 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ለሌላ ስፖርት የተሠራ ስታዲየም አግኝቶ ዝም ብሎ መግባት አይቻልም። ሁለቱ ጫፎች ላይ መቀመጫ ይኖራል፤ አጥሩም፣ ኮንክሪቱም እዚያው ነው።

አርጎኖትስ ከ1959 ጀምሮ ኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር ባለው ኤግዚቢሽን ስታዲየም ይጫወት ነበር። በ1977 የቤዝቦሉ ቡድን ብሉ ጄይስ ተጨመረበትና ስታዲየሙ ለሁለቱም እንዲሆን ተቀጣጠለ። ውጤቱ ማንንም የሚያስደስት አልነበረም፤ አንዳንዱ መቀመጫ ቤዝቦሉ ከሚመታበት ማዕዘን እጅግ የራቀ ነበር። በ1982 የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ፣ ግሬይ ካፕ፣ እዚያ ሲካሄድ ዶፍ ዝናብ ወረደ። አብዛኛው መቀመጫ ጣሪያ አልነበረውም። ተመልካቹ በስብሶ ወደ ቤቱ ገባ፤ ከተማውም ጣሪያ ያለው ስታዲየም ይሠራልን ማለት ጀመረ።

የተሠራው ስካይዶም ነው፤ በ1989 ተከፈተ፣ ዛሬ ሮጀርስ ሴንተር ይባላል። እንደ ምህንድስና ሥራ ኮፍያ የሚያስወልቅ ነው። ጣሪያው አራት ክፍል አለው፤ ሦስቱ ይንቀሳቀሳሉ፣ ለመክፈትም 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ይበቃል። የታችኛው መቀመጫም በሐዲድ ላይ ይንሸራተት ነበር፤ ለቤዝቦል አንድ ቅርጽ፣ ለፉትቦል ሌላ ቅርጽ። ይህን ስሰማ መጀመሪያ «እንግዲህ ችግሩ ተፈታ» ነበር ያልኩት። ግን አልተፈታም። የቤዝቦል ሜዳ የክብ ሩብ ነው፤ ልክ እንደ ተቆረሰ ድፎ ዳቦ። ጨዋታው የሚያተኩረው ሹሉ ጫፍ ላይ ነው። የፉትቦል ሜዳ ደግሞ ረጅም አራት ማዕዘን ነው፤ ተመልካቹ በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች ትይዩ መቀመጥ ይፈልጋል። ለሁለቱም የሚሆን መቀመጫ ስትሠሩ አንዱ አንገቱን ጠምዝዞ እንዲያይ ትፈርዱበታላችሁ። ሁለት ቋንቋ አንድ ላይ ለመናገር እንደ መሞከር ነው።

ከዚያ የሣሩ ጉዳይ መጣ። ስካይዶም ከመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ነበር የለበሰው። ብሉ ጄይሶች እውነተኛ ሣር መትከል እንደሚፈልጉ አሳወቁ፤ የጌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ይቻል እንደሆነ እንዲያጠኑ ተጠየቁ። ሣር ደግሞ ምንጣፍ አይደለም፣ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ሥሩ የሚሰድበት የአሸዋ አልጋ ይፈልጋል፣ ከሥሩ ውሃ የሚወጣበት ቧንቧ፣ ከላይ ብርሃን። በየጊዜው ተነሥቶ የሚዘረጋ ነገርም አይደለም። በላዩ ላይ መቀመጫ ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተ ደግሞ በፍጹም። ፉትቦሉ እያለ ሣሩ አይታሰብም፤ ስለዚህ የኪራይ ውሉ በ2017 ሲያበቃ አርጎኖትስ መውጣት እንዳለበት ግልጽ ሆነ።

እዚህ ላይ ለአፍታ ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ሞንትሪያል ልውሰዳችሁ። ምክንያቱም «ትልቅ ስታዲየም የግድ ጥሩ ስታዲየም ነው» የሚለውን ሐሳብ ያፈረሰው እዚያ የሆነ አንድ አጋጣሚ ነው። የሞንትሪያሉ አሉዌትስ የሚጫወተው ከ50 ሺህ በላይ ሰው በሚይዘው ኦሊምፒክ ስታዲየም ነበር። (ይህ ስታዲየም እኛንም የሚያስቆጭ ነው። በ1976 የአፍሪካ አገሮች ውድድሩን ረግጠው ሲወጡ ኢትዮጵያም አብራ ቀረች፤ ምሩፅ ይፍጠር እዚያ ሳይሮጥ ተመለሰ። «ማርሽ ቀያሪው» ለሁለቱ ወርቆቹ እስከ ሞስኮ 1980 መጠበቅ ግድ ሆነበት።) አሉዌትስ ግን ያንን ሁሉ መቀመጫ የሚሞላ ተመልካች አልነበረውም፤ ገንዘቡም እያለቀ ነበር። በ1997 ቡድኑ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ሲደርሰው ስታዲየሙ ለዩቱ የሙዚቃ ባንድ ኮንሰርት ተይዞ ተገኘ። ምን ይደረግ? ጨዋታው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ወዳለው አሮጌው ሞልሰን ስታዲየም ተዛወረ። 20 ሺህ ገደማ የሚይዘው ስታዲየም ጢም ብሎ ሞላ! በቀጣዩ ዓመት ክለቡ ጠቅልሎ እዚያው ገባ።

ለምን እንደዚያ ሆነ? ናፍቆት ብቻ አይደለም፣ ፊዚክስም አለበት። ክፍት ቦታ ላይ ከድምፅ ምንጭ ያላችሁ ርቀት ሁለት እጥፍ ሲሆን የሚደርሳችሁ የድምፅ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። 20 ሺህ ሰው ጠባብ ቦታ ተጠጋግቶ ሲጮህ እያንዳንዱ የጎረቤቱን ጩኸት በቅርብ ይሰማል። ያው 20 ሺህ ሰው 50 ሺህ መቀመጫ ላይ ሲበተን ድምፁም አብሮት ይበተናል። ያን ባዶ ወንበር ያየ ሰው ደግሞ ለሚቀጥለው ጨዋታ ቀድሞ ትኬት ለመግዛት ምን ያስቸኩለዋል?

ወደ ቶሮንቶ እንመለስ። አርጎኖትስ በስካይዶም ውስጥ የነበረበት ችግር ይኸው ነበር፤ ለፉትቦል ከ50 ሺህ በላይ መቀመጫ፣ ብዙውም ባዶ። ትክክለኛ መጠን ያለው ስታዲየም ግን ከተማው ውስጥ ነበር፤ በሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የሚገኘው ቢኤምኦ ፊልድ። በ2007 የተከፈተው ለእግር ኳሱ ቡድን ለቶሮንቶ ኤፍሲ ነው። የቆመውም ያ ፈርሶ የነበረው ኤግዚቢሽን ስታዲየም በነበረበት ግቢ ላይ ነው። ማለትም አርጎኖትስ አዲስ ቤት ፍለጋ ወጥቶ የተገኘው የድሮ ሰፈሩ ነው።

ሰፈሩ ግን ሰው ገብቶበታል። የእግር ኳሱ ደጋፊዎች አልተደሰቱም፤ እኔ በእነሱ አልፈርድም። ስታዲየሙ ሲከፈት ሰው ሠራሽ ሣር ነበር፤ በ2010 ከሥሩ ማሞቂያ ያለው እውነተኛ ሣር እስኪተከል ድረስ ብዙ ጠብቀዋል። አሁን ደግሞ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሰዎች በታኬታ እየተገፋፉ ሊያርሱት ነው። ያ ሣር እንደ እኛ ሰርዶ ከመሬት በታች ግንድ እየሰደደ ራሱን የሚጠግን ዓይነት ነው። ጥገናው ግን ሙቀት ይፈልጋል። የካናዳ ፉትቦል ወሳኝ ጨዋታዎች የሚደረጉት በኅዳር ነው፤ ያኔ ቶሮንቶ ትበርዳለች፣ ፀሐይዋም ዝቅ ትላለች። ማሞቂያው ሥሩን ከመቀዝቀዝ ያድነዋል እንጂ ብርሃኑን አይመልስም። የተነቀለው በቶሎ አይተካም።

ሆኖም በ2015 የክለቡ ባለቤትነት ሲለወጥ ውሳኔው ተወሰነ፤ በ2016 አርጎኖትስ ገባ። አሁን የ32 ሜትሩ ሒሳብ ይመጣል። ለሁለት ሲካፈል በየጫፉ 16 ሜትር ይደርሳል። መሐንዲሶቹ ጫፎቹ ላይ ያሉትን መቀመጫዎች ተነሺና ተሰብሳቢ አደረጓቸው። ይህም አልበቃም፤ ኤንድ ዞኖቹ ከ20 ያርድ ወደ 18 አጠሩ። አሁን እንደገና አስሉት፦ 146 ያርድ፣ 133 ሜትር ተኩል፣ በየጫፉ 14 ሜትር ከሩብ። እነዚያ ትርፍ ሜትሮች ላይ የተነጠፈው ሰው ሠራሽ ሣር ነው፤ እግር ኳሱ ስለማይደርስባቸው ማንም አይጎዳም። ወርዱ ላይ ያለው ልዩነት ደግሞ ችግር ሳይሆን የተመልካቹን ርቀት ብቻ ነው የጨመረው፤ በየጎኑ አራት ሜትር ከምናምን። ሕጉን ትንሽ ማጠፍ፣ ኮንክሪቱን ትንሽ ማንሳት። እኔ ይህን መፍትሔ ከስካይዶም ተንሸራታች ጣሪያ ይበልጥ ወድጄዋለሁ።

እውነተኛው ፈተና በዚያው ዓመት መጣ። እሑድ ኅዳር 27 ቀን 2016 የግሬይ ካፕ ፍጻሜ ቢኤምኦ ፊልድ ላይ ተደረገ። ረቡዕ ኅዳር 30፣ ማለትም ከሦስት ቀን በኋላ፣ ቶሮንቶ ኤፍሲ ሞንትሪያልን በዚያው ሣር ላይ ለፍጻሜ ለማለፍ ገጠመ። መሃል ሜዳው ላይ የተቀባውን የፉትቦል መስመርና ቁጥር ማጥፋት፣ የተገለበጠውን ማስተካከል፣ ለሁሉም የነበረው ጊዜ ሦስት ቀን! ጨዋታው ተካሄደ፤ ቶሮንቶ 5 ለ 2 አሸነፈ። የሚያስቀው ነገር፣ ከሳምንት በፊት ሞንትሪያል ላይ በተደረገው የመጀመሪያ ዙር ጨዋታው የዘገየው 16 ከ50ው በስህተት ጠብቦ በመቀባቱ ነው። ያ ደግሞ ለእግር ኳስ ብቻ ተዘጋጅቶ በነበረ ሜዳ!

በ2019 የቢኤምኦ ፊልድ ሣር ወደ ድብልቅ ተለወጠ። 95 በመቶው እውነተኛ ሣር ነው፤ 5 በመቶው በመሃሉ ቁልቁል የተሰፋ ሰው ሠራሽ ክር። ሥሩ ክሩ ላይ ይጠመጠምና ታኬታ ሲመጣ በቀላሉ አይነቀልም፤ የቤት ግድግዳ ሲመረግ ጭቃው ውስጥ ጭድ እንደሚገባው ማለት ነው።

ስካይዶምስ? አርጎኖትስ እንደወጣ በ2016 ቤዝቦሉ የሚጫወትበት ማዕዘን ሙሉ በሙሉ የአፈር ሆነ፤ ፉትቦሉ እያለ ቤዞቹ ዙሪያ ብቻ ነበር አፈር የነበረው። ተንሸራታቹ መቀመጫም ለቤዝቦል ተብሎ በቦታው ተተከለ። ያ ሁሉ ነገር የተጀመረበት እውነተኛ ሣር ግን እዚያ እስካሁን አልበቀለም። ቢኤምኦ ፊልድ ደግሞ ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ሲዘጋጅ 17 ሺህ ገደማ ጊዜያዊ መቀመጫ ተጨመረለት። የት መሰላችሁ? በሰሜንና በደቡብ፣ በሁለቱ ጫፎች በኩል።