በሰላጣ መደብ መሀል የማይሸጥ አበባ

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ በሳሊናስ ሸለቆ፣ ያለ ኬሚካል ሰላጣ የሚያመርቱ ገበሬዎች ከውድ መሬታቸው ቆርሰው አሊሰም የተባለ ነጭ አበባ ይተክላሉ። አበባው አይሸጥም። ከማሳቸው ከ5 እስከ 10 በመቶ ለዚሁ የሚተዉ አሉ፤ 20 ሄክታር ላለው አምራች ይህ የ1 ወይም የ2 ሄክታር ሽያጭ መተው ነው።

ምክንያቱ ክሽክሽ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. በሸለቆው የተገኘው የክሽክሽ ዓይነት በውጪ ቅጠል ላይ አይወሰንም፤ ወደ ሰላጣው ልብ ገብቶ ይራባል፣ የሚረጭ መድኃኒትም በቀላሉ አይደርስበትም። ቅጠሉ ባይበላሽም ነፍሳት የሞላበትን ሰላጣ ገዢ አይቀበልም።

እዚያ ጠባብ ቦታ ድረስ የሚገባው የአንዲት ዝንብ እጭ ነው። ዝንቧ ንብ ወይም ተርብ ብትመስልም አትናደፍም፤ በአየር ላይ ቀጥ ብላ በመቆሟ ትለያለች። እርሷ ራሷ ክሽክሽ አታድንም፤ ለመብረር የአበባ ወለላ፣ እንቁላል ለመያዝ ደግሞ የአበባ ብናኝ ትፈልጋለች። አፏ አጭር በመሆኑ ጥልቅ አበባ አይመቻትም፤ ጥቃቅንና ክፍት የሆኑት የአሊሰም አበቦች ግን ይስማሟታል። ከዚያ ክሽክሽ ካለበት ቅጠል ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው እግር የለሽ እጭ በቅጠሎቹ መሀል እየተሳበ፣ አድጎ እስኪጨርስ በመቶ የሚቆጠር ክሽክሽ ይበላል።

ሒሳቡ ግን ሰፊ መደብ ለአበባ በመስጠት ብቻ አይዘጋም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪ በዚያው በሳሊናስ ሠርተው በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሌላ መንገድ አሳይተዋል፤ ሰላጣውን ሳይነቅሉ፣ በችግኞቹ መካከል ጥቂት የአሊሰም ችግኝ ጣል ጣል ማድረግ። በዚህ አሠራር ከገበያ የሚቀረው ምርት ያንሳል። ሆኖም አበባው ተጠግቶ ሲበዛ ከሰላጣው ጋር መሻማቱ አይቀርም።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። አበባው ዘግይቶ ካበበ እጩ ሥራውን ሳይጨርስ አጨዳ ይደርሳል፤ ገዢ ደግሞ በሰላጣው ውስጥ እጭ ሲያይ እንደ ክሽክሹ ነው የሚቆጥረው።

ለአገራችን አትክልት አምራች አሊሰም እንግዳ ሊሆን ይችላል። ድምብላልና እንስላል ግን እንግዳ አይደሉም፤ ሲያብቡ እነዚሁን ዝንቦች ይስባሉ፤ ፍሬያቸውም ይሸጣል።