ሳይዘንብ የሚደርስ ውኃ፦ በገዳሪፍና በምሥራቅ ሱዳን ድንበር የወንዝና የጎርፍ ስያሜዎች

ከሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ ተነሥተው ወደ ገዳሪፍ ሜዳ የሚወርዱት ወንዞች ውኃቸው ሳይለወጥ ስማቸው ይለወጣል። ከጣና በስተ ሰሜን ተነሥቶ የመተማን ቆላ የሚያቋርጠው ጓንግ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል፤ አንገረብ ባሕር አስሰላም፣ ሽንፋ ራሃድ፣ አይማ ዲንደር ይሆናሉ። ተከዜ ግን የድንበሩን መስመር አይጠብቅም፤ ገና በሑመራ ሳለ ሰቲት መባል ይጀምራል፤ ከተማዪቱም ሰቲት ሑመራ እየተባለች ትጠራለች። ይህ የስም ለውጥ የቦታ ስሞችን የሚያጠና ባለሙያ ብቻ የሚመለከት ጉዳይ አይደለም። የሙላት ወሬ ከላይ ወደ ታች የሚሄደው በወንዙ ስም ነውና፣ ስሙ በሚቀየርበት ቦታ ወሬውም ሊቆም ይችላል።

«ተከዜ» የሚለውን ስም እናስቀድም። በግእዝ ተከዚ ማለት ራሱ «ወንዝ» ማለት ነው፤ ስሙ የወል ስም ሆኖ ሳለ የተጸውዖ ስም ሆኗል። በአራተኛው መቶ ዓመት የአክሱም ንጉሥ ዒዛና በኖባ ላይ ያደረገውን ዘመቻ የሚተርከው ጽሑፈ ድንጋይ ወንዙን በዚሁ ስም ይጠራዋል፤ አብዛኞቹ ተመራማሪዎችም በዚያ የተጠቀሰው የዛሬው አትባራ ነው ይላሉ። እንግዲያውስ አንድ ጊዜ ስሙ እስከ ታች ድረስ አንድ ነበር ማለት ነው። «ባሕር» ደግሞ የተገላቢጦሽ ታሪክ አለው። ለአማርኛ ተናጋሪ ባሕር የተኛ ሰፊ ውኃ ነው፤ ባሕር ዳርም የተባለችው በጣና ዳር ስለ ተቀመጠች ነው። በሱዳን ዐረብኛ ግን ባሕር የሚፈስ ትልቅ ወንዝ ነው። ባሕር አስሰላም የሚለውን ስም የሰማ የጎንደር ሰው ሐይቅ ቢፈልግ አይፈረድበትም።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አማርኛ የውኃን አደጋ ቢያንስ በሦስት ስሞች ይለያል። ጎርፍ ዝናብ ጥሎ መሬት ለመሬት የሚጋፈፈው ውኃ ነው። ሙላት ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ዳሩን ሲያልፍ ነው። ደራሽ ደግሞ ከ«ደረሰ» የወጣ ነው፤ ከሩቅ መጥቶ በድንገት የሚደርስ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ሰውና ከብት የሚወስድ ውኃ ነው። ዐረብኛው በበኩሉ ሰይል እና ፈየዳን ይላል፤ የመጀመሪያው ከመፍሰስ፣ ሁለተኛው ከመትረፍረፍ የመጣ ነው። ፈየዳን ከሙላት ጋር ይገጥማል። ሰይል ግን ጎርፍንም ደራሽንም አጠቃልሎ ይይዛል፤ የውኃውን ኃይል እንጂ መነሻውን አይናገርም።

ይህ ልዩነት ከመሬቱ የተገኘ ነው። ተከዜ ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ ሑመራ ሲደርስ ከባሕር ጠለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። የደጋው ዝናብ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ሸለቆው ቁልቁለትና ጠባብ ስለሆነ ውኃው ቶሎ ይሰበሰባል። በ1861 እ.ኤ.አ. ሰኔ መጨረሻ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር ከገዳሪፍ በስተ ሰሜን፣ በደረቀው የአትባራ አሸዋ ዳር ሰፍሮ ሳለ፣ በሌሊት የሩቅ ነጎድጓድ የሚመስል ድምፅ ሰማ። በአካባቢው ዝናብ አልነበረም። ሲነጋ ከፊቱ የነበረው ሰፊ ወንዝ ነው። ደራሽ ለሚለው ቃል ከዚህ የተሻለ ፍቺ መዝገበ ቃላት ውስጥ አይገኝም።

ሜዳው ላይ ሲደርስ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የገዳሪፍ ማሽላና ሰሊጥ የሚበቅልበት አፈር ባዶብ የሚሉት ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ጠጥቶ ሲያብጥ ስንጥቁ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ የወረደው ውኃ ያቁራል። ሰው ባይወስድም መንገድ ይዘጋል፤ የመጠለያ ድንኳንም ከሥሩ ይበሰብሳል።

እንግዲህ ለአረምና ለአጨዳ ከአማራና ከትግራይ ቆላ ተሻግሮ በኾር ዳር የሚያድረውን የቀን ሠራተኛ እናስብ። «ሰይል ይመጣል» የሚለው ማስጠንቀቂያ «ጎርፍ» ተብሎ ቢተረጎምለት መጀመሪያ የሚያደርገው ሰማዩን ማየት ነው፤ ጠርቶ ካገኘው ይተኛል። «ደራሽ» ቢባል ግን ከኾሩ ይርቃል። በእኔ ግምት በዚህ ድንበር ላይ የአንድ ቃል ምርጫ የሰው ሕይወት ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ግድቦች ደግሞ ስያሜ ያልወጣለት አራተኛ ውኃ አምጥተዋል። ኻሽም አልግርባ በ1964 እ.ኤ.አ. ሲሠራ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዝ ነበር፤ ደለል አብዝቶ ስለ ያዘው በሙላት ወራት እያንጠፈጠፉ ማጠብ ተለመደ። በ2009 እ.ኤ.አ. 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ተጠናቀቀ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ የላይኛው አትባራና ሰቲት መንትያ ግድቦች ተመረቁ። ከበር የሚወጣ ውኃ ጎርፍም ሙላትም አይደለም፤ አመጣጡ ደራሽን ቢመስልም ሰዓቱን የሚወስን ሰው አለ። «ልቅ ውኃ» ብንለው የሚያስኬድ ይመስለኛል።

በመጨረሻ ስለ «ተፋሰስ» ጥቂት ልበል። የኢትዮጵያ የውኃ ዕቅዶች አንገረብንና ጓንግን ከተከዜ ተፋሰስ፣ ሽንፋንና አይማን ከዓባይ ተፋሰስ ይቆጥራሉ፤ በቀበሌ ደረጃ ደግሞ አንዲት ኮረብታ ላይ የሚሠራው የእርከን ሥራም ተፋሰስ ልማት ይባላል። ዐረብኛው ሐውድ ሲል ገንዳን፣ ማለትም ውኃውን የሚይዘውን ያስባል፤ አማርኛው መፍሰሱን። ሁለቱን የሚያገናኝ የቃላት ዝርዝር ሲዘጋጅ እያንዳንዱ ወንዝ በሁለቱም ስሙ ቢመዘገብ፣ ጓንግ መሙላቱ መተማ ላይ ሲነገር ሸዋክ ላይ «አትባራ» ተብሎ ይሰማል።